ድንቢጥ በቃልና በጽሑፍ

ድንቢጥ ከሰው ጣሪያ ሥር ጎጆዋን የምትሠራ፣ ከሰው አውድማ የምትለቅም ወፍ ናት። ንስር ለነገሥታት፣ ርግብ ለሰላም ተመርጠዋል። የተናቀ ነገር ዋጋው ስንት ነው ብለው የጠየቁ ጸሐፊዎች ግን ደጋግመው የጠሩት እሷን ነው።

ጥያቄውን ከሁሉ አጥርቶ ያነሣው ወንጌል ነው። በማቴዎስ ምዕራፍ 10 ሁለት ድንቢጦች በአንዲት ትንሽ ሳንቲም ይሸጣሉ፤ በሉቃስ ምዕራፍ 12 ደግሞ አምስቱ በሁለት ሳንቲም። ሂሳቡን ላስተዋለ ሰው አምስተኛዋ ምርቃት ናት፤ ዋጋ እንኳ አልወጣላትም። በፈጣሪ ዘንድ ግን እሷም አልተረሳችም። ሼክስፒር ይህንኑ ሐሳብ በሐምሌት የመጨረሻ ገቢር፣ ጀግናው ከሞቱ ፊት ሲቆም አንሥቶታል። ከወንጌል በፊትም ግሪካዊቷ ሳፎ የአፍሮዳይትን ሠረገላ በድንቢጦች አስጎትታለች፤ ሮማዊው ካቱሉስም ለወዳጁ ድንቢጥ ሙሾ አውርዷል።

ለእኔ ከሁሉ የሚልቀው መነኩሴው ቤዳ እ.ኤ.አ. በ731 ባጠናቀቀው የእንግሊዝ ሕዝብ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ ያለው ነው። የኖርተምብሪያው ንጉሥ ኤድዊን ክርስትናን ስለመቀበል ሲመክር፣ ከመኳንንቱ አንዱ የሰውን ዕድሜ በክረምት አዳራሽ አቋርጣ ከምትበር ድንቢጥ ጋር አመሳሰለው። ንጉሡ ግብር ተቀምጧል፣ እሳቱ ይነዳል፤ ውጭው ውሽንፍር ነው። ወፏ በአንዱ በር ገብታ በሌላው እስክትወጣ ለቅጽበት ትሞቃለች። ከየት እንደመጣች፣ ወዴት እንደምትሄድ የሚያውቅ የለም። አዲሱ ሃይማኖት ስለዚያ የሚነግረን ካለው እንከተለው አለ። ስለ ሞት ብዙ ተጽፏል፤ ይህን ያህል በጥቂት ቃል የተናገረ ግን አላነበብኩም።

በጃፓን እናቱን በሕፃንነቱ ያጣው ገጣሚ ኢሳ (1763–1828) እናት አልባዋን ድንቢጥ ለጨዋታ ጠርቷታል። በቻይና ግን እ.ኤ.አ. በ1958 እህል ፈጅ ተብላ ከአይጥ፣ ከዝንብና ከትንኝ ጋር በጠላትነት ተፈረጀች። ሕዝቡ ድስትና ከበሮ እየመታ እንዳታርፍ ከለከላት፤ ደክማ ወደቀች። ጫጩቶቿን የምትመግበው ነፍሳትን ነበርና ሰብል አጥፊዎቹ በዙ። በ1960 ከሚጠፉት ዝርዝር ስሟ ወጥቶ ትኋን ተተካ።

በእኛስ? «ድንቢጥ እንዳቅሟ በብርዕ ትታገማለች» ይባላል። ዋግምት ለማይመጥናት ወፍ ብርዕ ይበቃታል። ይህች ድንቢጥ የሚታዘንላት አይደለችም፤ ልኳን ዐውቃ የምትኖር ናት። ከወንጌሉም ከካቱሉስም ትለያለችና በጥናት ልትታይ ይገባታል። በአካባቢያችሁ ስለ ድንቢጥ የሚነገር ተረትም ሆነ ምሳሌ የምታውቁ፣ ከነአገባቡ ጻፉት።