የቁም ማጭድ፦ ከአጨዳው በፊት ስለቱን መማር

በደጋማው የአገራችን ክፍል ለድርቆሽ ተከልሎ የቆየ የሣር መሬት ክረምቱ እንደወጣ ለአጨዳ ይደርሳል። ሣሩ ግማሽ ያህሉ አበባ ባወጣበት ወቅት ቢታጨድ በመጠንም በምግብ ይዘትም ጥሩ ድርቆሽ ይሰጣል። በብዙ ቦታ ግን አጨዳው እስከ ኅዳር ይዘገያል። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ የገብሱ አጨዳ ጉልበቱን ይሻማል፣ ያልታሰበ ዝናብ ይፈራል፣ ጎንበስ ብሎ ሣሩን በእጅ እየጨበጡ አንድ ጥማድ መሬት መጨረስም ወገብ ይቆርጣል። እስከዚያው ሣሩ ዘሩን ያራግፋል፣ አገዳው ይደርቃል፣ ፕሮቲኑ ይቀንሳል። ከብቶቹ በየካቲትና በመጋቢት የሚቀርብላቸው ድርቆሽ በስም ድርቆሽ ይባል እንጂ ከጭድ ብዙም አይሻልም።

ቆሞ የሚታጨድበት ባለ ረጅም እጀታ ማጭድ (ከዚህ በታች የቁም ማጭድ የምንለው) ይህን የጊዜ ጥበት ለማቃለል የሚረዳ መሣሪያ ነው። የአውሮፓ ገበሬዎች መሣሪያ ሲሆን በኦስትሪያ ተራራማ አካባቢ የማጭድ ቀጥቃጮች ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠሩት ኖረዋል። እኛ መሬትን በጥማድ እንደምንለካ ሁሉ፣ በጀርመንኛ ተናጋሪ አገሮችም የሣር መሬት በጥንት ጊዜ አንድ ሰው በቀን በሚያጭደው መጠን ይለካ ነበር። በሬ የሌለበት ጥማድ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ መሣሪያውን ገዝቶ ማከፋፈል ብቻውን ውጤት አያመጣም። በአንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ማጭዶቹን በጠዋት አስረክበን፣ አወዛወዙን አሳይተን ተመለስን። ብርቱ ብርቱዎቹ ወጣቶች ተቀበሉት፤ እንደ መጥረቢያ እየሰነዘሩ ጫፉን አፈር ውስጥ ሰኩት። እስከ ምሳ ሰዓት ሦስቱ ታጠፉ፣ የቀሩት ደነዙ። የደነዙት ወደ ብረት ቀጥቃጭ ተወሰዱ፤ እርሱም እንደለመደው እሳት ውስጥ ከተታቸው። ከዚያ በኋላ መጋዘን ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ቀሩ። ጥፋቱ የገበሬዎቹም የቀጥቃጩም አልነበረም፤ ማጨዱን አሳይተን መሳሉን ያላሳየን እኛ ነን።

የቁም ማጭድ በጉልበት ሳይሆን በስለት ይቆርጣል። የኦስትሪያው ዓይነት ስለት ከቀጭን ብረት የተሠራ ነው፤ የሚሳለውም በሁለት ደረጃ ነው። የመጀመሪያው በቀዝቃዛው መቀጥቀጥ ነው። በግንድ ላይ ትንሽ መስፍ ይተከላል። ሠራተኛው ተቀምጦ ማጭዱን ጭኑ ላይ ያሳርፍና ከሰፊው ወገን፣ ማለትም ከተረከዙ ጀምሮ እስከ ጫፉ ድረስ የስለቱን ጠርዝ በመዶሻ በቀስታ እያከታተለ ይመታል። የሚመታው ከጠርዙ ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር የሚሆነው ክፍል ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ምት ብረቱን ወደ ውጭ ገፍቶ ያቀጥነዋል። ምቱ ከበረታ ጠርዙ እንደ ቀሚስ ዘርፍ ይጨማደዳል፤ ይህን መመለስ አስቸጋሪ ነው። በትክክል መቅጠኑን ለማወቅ ጠርዙን በአውራ ጣት ጥፍር ላይ በጥንቃቄ ጫን ማድረግ ነው፤ ብረቱ ትንሽ ከለመጠና ከተመለሰ በቂ ነው። ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ያህል ካጨዱ በኋላ ይኸው ሥራ ይደገማል።

ማጭዱን እሳት ውስጥ መክተትም ሆነ በሞተር በሚዞር ድንጋይ መሳል ክልክል ነው። ሙቀቱ የብረቱን ጥንካሬ ያጠፋዋል፤ ከዚያ በኋላ የፈለገውን ያህል ቢሳል ስለት አይዝም። በፋብሪካ ማተሚያ ተጨፍልቀው የሚሠሩ ወፍራም ማጭዶችም ስላሉና አሳሳላቸውም የተለየ ስለሆነ ማኅበሩ ከመግዛቱ በፊት ዓይነቱን ይጠይቅ።

ሁለተኛው ደረጃ ሣሩ መሐል የሚከናወነው ነው። አጫጁ በየአምስትና በየአሥር ደቂቃው ቆም ብሎ ስለቱን በእርጥብ የመሳያ ድንጋይ፣ ከተረከዝ ወደ ጫፍ፣ አንዴ በላይ አንዴ በታች ያስኬዳል። ድንጋዩ ወገብ ላይ በሚታሰር ውኃ በያዘ ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል። አውሮፓውያን ለዚህ የከብት ቀንድ ይጠቀሙ ነበር፤ ቀንድ ደግሞ በእኛ አገር አይቸግርም።

እጀታው በአጫጁ ቁመት ልክ ካልሆነ ወገብ ማዳኑ ይቀራል። ቀጥ ብሎ ሲቆም በቀኝ እጅ የሚያዘው የታችኛው መጨበጫ ከዳሌው መጋጠሚያ ትይዩ መሆን አለበት። ከዚያ በላይ በአጫጁ በራሱ ክንድ አንድ ክንድ ተለክቶ የግራ እጅ መጨበጫ ይተከላል። ለጀማሪ ከ65 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ስለት ይበቃዋል።

አወዛወዙ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ግማሽ ክብ እየሠራ ነው። የማጭዱ ሆድ ሲሄድም ሲመለስም መሬት አይለቅም። የሚዞረው ወገብና ዳሌ እንጂ ክንድ አይደለም። በአንድ ውዝወዛ ከሦስት ጣት የማይበልጥ ሣር መውሰድ ለተማሪ በቂው ነው፤ ስስት ጫፉን አፈር ያስገባዋል። የታጨደው ሣር በስተግራ በረድፍ ይተኛል። በትምህርቱ ቀድመው የሚያቀኑት ብዙ ጊዜ ጎልማሶችና የማይቸኩሉት ናቸው፤ ስለሆነም የልማት ሠራተኛው ለሠርቶ ማሳያ የሚመርጠው ጉልበተኛውን አይሁን። ግራ እጁን የሚጠቀም ሰውም በቡድን መሐል እንደሌሎቹ ይልመድ፤ አለበለዚያ ስለቱ ወደ ጓደኛው ይመጣል።

በደቦ ሲታጨድ የመጀመሪያው ሰው የማሳውን ጠርዝ ይዞ ይሄዳል፤ ተከታዩ ከኋላው በስተቀኝ፣ ቢያንስ አምስት እርምጃ ርቆ ይጀምራል። ልጆችና ውሾች ከማሳው ይወገዱ። ማጭዱ ከቦታ ወደ ቦታ ሲሄድ ስለቱ በጨርቅ ወይም በቆዳ ይሸፈን። ድንጋይ መልቀም፣ የፍልፈልና የምስጥ ኩይሳ ማስተካከል በበጋ አስቀድሞ የሚሠራ ነው፤ ሣሩ ካደገ በኋላ የሚያገኘው ስለቱ ነው።

ጤዛ ያለበት ሣር ለቁም ማጭድ ይለዝባል። በመሆኑም ሥራው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ቢጀመርና እስከ 3 ወይም 4 ሰዓት ቢካሄድ ይመረጣል። ፀሐይ ስትበረታ አጨዳው ይቆምና ረድፉን በትኖ ማገላበጡ ይጀመራል፤ መስፉ ዘንድ የሚቀመጠው ሰውም የነገውን ስለት የሚያዘጋጀው በዚሁ ሰዓት ነው።