ተሠርቶ የተገዛውን የዶሮ ቤት ለግምጃ ቤት ክረምት ስለ ማብቃት

ዶሮን ከሰው መኝታ ለይቶ ማሳደር ከንጽሕና ሥራዎች ሁሉ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን በብዙ ቤት ሳይፈጸም የሚቀር ሥራ ነው። በግምጃ ቤትም ሆነ በሌላው የአዊ ከተማ ዶሮ ቀን በጓሮ ስትጭር ውላ፥ ሲመሽ ከቤተ ሰቡ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ማደሯ የቆየ ልማድ ነው። ምክንያቱም የታወቀ ነው፤ ሽለምጥማጡ፥ ብርዱና ሌባው በውጭ አሉ። በቅርብ ዓመታት ግን፥ ይልቁንም የሌማት ትሩፋት የተባለው መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፥ የ45 ቀን ጫጩት ገዝቶ ማርባት የከተማውም ሰው ሥራ ሆኗል። ከጫጩቱም ጋር፥ በአናጢ ቤት አስቀድሞ ተሠርቶ በመኪና የሚመጣውና በጓሮ የሚገጣጠመው የዶሮ ቤት ሊለመድ ችሏል።

እኛ ይህን በደስታ የምንመለከተው ነው። ሆኖም የተገዛው ቤት እንደ ተገዛ የቆመ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው እስከ ሰኔ ብቻ ነው። ሐምሌ በገባ ጊዜ ወለሉ ይረጥባል፥ ግድግዳው ያብጣል፥ ዶሮዎቹም ማንኰራፋት ይጀምራሉ፤ ባለቤቱ አዝኖ ወደ ቤት ያስገባቸዋል፤ አንድ ጊዜ ከገቡ በኋላ ደግሞ በመስከረም የሚያስወጣቸው አይገኝም። ስለዚህ የዶሮው ቤት ጉድለት የአናጢ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጤና ጉዳይ ነው።

በ2016 እ.ኤ.አ. ዴሪክ ሄዲና ካሌ ሂርቮነን የተባሉ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ገጠር የተሰበሰበ መረጃ መርምረው ባወጡት ጽሑፍ፥ ዶሮ ያላቸው ቤተ ሰቦች ልጆች በቁመት ተሽለው ተገኝተዋል። ነገር ግን ዶሮው ማታ በሰው መኖሪያ ውስጥ በሚያድርበት ቤት የልጆቹ ቁመት ዝቅ ብሎ ታይቷል። ይህ የሁለት ነገሮችን አብሮ መገኘት የሚያመለክት እንጂ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን ቁርጥ አድርጎ የሚያረጋግጥ አይደለም፤ ይሁን እንጂ መንገዱ ለማስተዋል አያስቸግርም። ጤነኛ በምትመስል ዶሮ ኩስ ውስጥ ካምፒሎባክተርና ሳልሞኔላ የተባሉ ተሐዋስያን ይገኛሉ። ዳዴ የሚል ሕፃን ኩሱ ያረፈበትን መሬት በእጁ ዳስሶ እጁን ወደ አፉ ያደርሳል። ተቅማጥ ሳይታይበት እንኳ አንጀቱ እየቆሰለ የበላው ምግብ ለሰውነቱ ሳይጠቅም ሊያልፍ ይችላል። በዚያው በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፥ በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉት 100 ሕፃናት 46ቱ ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ ነበሩ። ለሕፃኑ እንቁላል እናበላለን ብሎ ዶሮ ገዝቶ፥ ዶሮዋን ከሕፃኑ መኝታ ሥር ማሳደር የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችውን ሴት መምሰል ነው።

አሁን ወደ ቤቱ እንመለስ። አብዛኛው ተሠርቶ የሚሸጥ የዶሮ ቤት የሚሠራው ከስስ ጣውላ፥ ከችፑድና ከወንፊት ሽቦ ሲሆን፥ ጣራው ከግድግዳው እኩል የተቈረጠ ቆርቆሮ ነው። ዳንግላ በዓመት በአማካይ 1600 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ሲወርድባት የአዲስ አበባው 1200 ገደማ ነው። ስለዚህ ለሌላ ከተማ የሚበቃው ጣራ ለዚህ አገር አይበቃም። መጀመሪያ የሚደረገው፥ አንድ ተጨማሪ ቆርቆሮ ገዝቶ ጣራውን በአራቱም ወገን ከግድግዳው ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ማስወጣት ነው፤ ዝናቡ ከነፋስ ጋር በሚመጣበት ወገን ደግሞ እስከ 50 ቢደርስ ይመረጣል። ችፑድ ውሃ ሲጠጣ እንደ ዳቦ ያብጣልና በውጭ በኩል ያለው ሁሉ በዘይት ቀለም ሁለት ጊዜ ይቀባ፤ የተቈረጠው ጠርዝ በተለይ አይረሳ፥ ውሃው የሚገባው በዚያ ነውና። ቀለሙም ዶሮዎቹ ሳይገቡ ደኅና አድርጎ ይድረቅ።

እግሩ አጭር የሆነ ቤት በባሕር ዛፍ ቋሚ ላይ ከመሬት 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ከፍታው ከጎርፍና ከጭቃ ያድናል፤ ከሥሩ መጥረጊያ ለማስገባትም ያመቻል። በየቋሚው መካከል ከአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ የተቈረጠ፥ እንደ ዣንጥላ ወደ ታች የተደፋ ክዳን ቢታሰር አይጥ መውጣት አይችልም።

የወለሉ ነገር ሰፋ አድርጎ ሊነገር ይገባዋል። ብዙው ተሠርቶ የሚመጣው ወለል ወይ ድፍን ጣውላ ነው፥ ወይም ሽቦ ነው። ድፍኑ ጣውላ ኩሱን ይዞ ይበሰብሳል፤ ሽቦው የዶሮዋን እግር ያቈስላል፥ ከሥር የሚመጣውንም ብርድ አይከለክልም። ለዚህ ችግር የሚሆነው መድኃኒት በዚሁ በአዊ ምድር የሚበቅለው ቀርከሃ ነው። 3 ዓመት የሞላውን የበሰለ ቀርከሃ ቈርጦ፥ በጥላ አድርቆ፥ ከሁለት ሰንጥቆ፥ ለስላሳው ጀርባ ወደ ላይ እንዲሆን በ2 ሴንቲ ሜትር ክፍተት መደርደር ነው። ለጋው ቀርከሃ ነቀዝ ስለሚበላው ገንዘብና ድካም ማጥፋት ነው። ኩሱ በክፍተቱ ወድቆ በሥሩ በሚንሸራተት የቆርቆሮ ትሪ ላይ ያርፋል፤ ትሪው ላይ አመድና ጭድ ወይም ሰጋቱራ ቢነሰነስበት ሽታውን ይይዛል፥ ለማውጣትም ይቀላል። ይህን ትሪ በሁለት ቀን አንድ ጊዜ የሚያወጣ ሰው በዝናቡም ወራት ቢሆን ስለ ሽታ የሚነሣ የጎረቤት ክስ አይደርስበትም። ትሪ መሥራት ያልቻለ፥ በድፍኑ ወለል ላይ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ደረቅ ሰጋቱራ አንጥፎ የረጠበውን በየጊዜው ይለውጥ።

ብርድ ሲመጣ ሰው ሁሉ የሚሠራው አንድ ነገር አለ፤ ቤቱን ዙሪያውን በላስቲክ መጠቅለል። ይህ የሚጐዳ ነገር ነው። የዶሮ ሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ያህል ነው፥ ላባዋም ጋቢዋ ነው፤ ደረቅ ብርድ ብዙ አያስቸግራትም። የሚገድላት ርጥበትና ከኩሱ የሚነሣው አሞንያ ነው። ጠዋት በሩን ሲከፍቱት ዓይን የሚያቃጥል ቤት፥ የዶሮዋን ሳንባ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃጥል እንዳደረ ማወቅ ይገባል። ስለዚህ ነፋስ በቀጥታ የሚመታት የታችኛው ክፍል ይደፈን፥ ከጣራው ሥር ግን ከቆጡ በላይ፥ በሁለት ትይዩ ወገን እጅ የሚያስገባ ያህል ክፍተት በሽቦ ተሸፍኖ ይተው። በሩ ወደ ምሥራቅ ቢዞር የጠዋት ፀሐይ ውስጡን ያደርቃል።

ስለ ሽቦው፥ ባለ ስድስት ማዕዘኑ ቀጭን ሽቦ ዶሮን በውስጥ ይይዛል እንጂ ሽለምጥማጥን በውጭ አይከለክልም። ቀዳዳው ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙ የማያልፍ፥ መጋጠሚያው የተበየደ ሽቦ በላዩ ይጨመርበት፤ በሩም በገመድ ሳይሆን በመቀርቀሪያ ይዘጋ።

ሻጩ ይህ ቤት 20 ዶሮ ይይዛል ቢል መለኪያ ይዞ መቅረብ ይበጃል። ቀኑንም ተዘግተው የሚውሉ ከሆነ ለ1 ካሬ ሜትር ከ5 እስከ 6 ዶሮ፥ ለማደሪያ ብቻ ከሆነም ከ10 ያልበለጡ ይሁኑ። በቆጥ ላይ ለእያንዳንዷ 20 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። የሀገራችን ዶሮ ከፍታ ትወዳለች፤ ሳሶ የመሳሰሉት ከባዶቹ ግን ሲወርዱ እግራቸውን ስለሚጐዱ ቆጣቸው ከ50 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ መልካም ነው። የእንቁላል መጣያው 30 በ30 ሆኖ ለ4 ወይም ለ5 ዶሮ አንድ ይበቃል፤ ከቆጡ ዝቅ ይበል፥ አለዚያ ዶሮዎቹ እዚያው እያደሩ እንቁላሉን በኩስ ያበላሹታል።

ቤቱ የሚቆምበትም ቦታ ከውሃ ጉድጓድ በታች በኩል፥ ከማእድ ቤት በርና ሕፃናት ከሚጫወቱበት ራቅ ብሎ ይሁን። ከትሪው የሚወጣው ኩስ በጉድጓድ ከጭድና ከአፈር ጋር ተከምሮ ጥቂት ወራት ከበሰለ በኋላ ለጎመን ማሳ ይሆናል፤ ትኩሱ ግን ተክሉንም ያቃጥላል፥ ተሐዋስያኑንም ወደ ገበታ ይመልሳል። ለዚህ ሥራ የሚለበስ ጫማ ለብቻው በደጅ ይቀመጥ፤ እጅም በሳሙና ሳይታጠብ ወደ ሊጥ አይመለስ። የትምህርት ቤት ጓሮ ያላችሁ መምህራን አንዱን ቤት ከተማሪዎቻችሁ ጋር ብታሻሽሉ፥ ካሬ ሜትርንም ለማስተማር ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አይገኝም።

ቅንቅን በጣውላው ስንጥቅ ውስጥ ቀን ተደብቆ ሌሊት ደም ይመጣል፤ በወር አንድ ጊዜ ቆጡን አውጥቶ ስንጥቁን በፈላ ውሃ ማጠብ፥ በጓሮም በዝናብ በማይደረስበት ስፍራ ለዶሮዎቹ መንከባለያ የሚሆን አመድ መተው ያስፈልጋል።

ከእነዚህ ሁሉ ሌላ፥ በሥርዓት የተሠራ የዶሮ ቤት አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው። ፈንግል በአንድ ሳምንት ጓሮውን ባዶ የሚያደርግ በሽታ ነው፤ መድኃኒት የለውም፥ ክትባት ግን አለው፤ ክትባቱም በቢሾፍቱ ይመረታል። በጓሮ የተበተነችን ዶሮ ለመክተብ ማሳደድ ግማሽ ቀን ያጠፋል፤ በቆጧ ላይ ያለችውን ግን ማታ በባትሪ ብርሃን ያለ ግርግር አንሥቶ አንድ ጠብታ በዓይኗ ማድረግ ይቻላል። ሙቀት የሚችለው የክትባት ዓይነት በየ3 እና በየ4 ወሩ ይደገማል፤ አንዱ ዙር ዝናቡ ሳይጠና በግንቦት ቢውል ይመረጣል። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃና ከተከፈተ በኋላ የማይቈይ ስለ ሆነ፥ ጎረቤታሞች ከእንስሳት ሐኪሙ ጋር ተነጋግረው አንድ ምሽት ይቅጠሩ፤ በዚያም ምሽት በየቤቱ ያሉት ዶሮዎች ሁሉ ቈጥረው ይዘጉ፥ የብልቃጡም ዋጋ በዶሮው ቍጥር ይከፋፈል።