ሲቀርቡት የሚጎሰም ነጋሪት፦ ከስውር የእንቅስቃሴ ሴንሰር ጋር ትውውቅ

የዋግ ገዥዎች የነበሩት የዋግ ሹሞች በዙፋን የመቀመጥና ነጋሪት የማስጎሰም ክብር እንደነበራቸው በትውፊት ይነገራል። ይህን ታሪክ በዋግ ዋና ከተማ በሰቆታ ለጎብኚ ማሳየት የሚፈልግ ሰው ነጋሪቱን ከጽሑፍ መግለጫ ጋር መደርደሪያ ላይ ሊያኖረው ይችላል። ሌላም መንገድ አለ፤ ጎብኚው ጠጋ ሲል ነጋሪቱ ይጎሰማል፤ ቀጥሎም የአንድ አዛውንት ድምፅ ታሪኩን በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣናና በአማርኛ ይተርካል። ማንበብ ያልተማሩ እናትም፣ ፊደል ያልቆጠረ ልጅም እኩል ይሰማሉ። ሰው መቅረቡን አውቆ ድምፁን የሚያስነሳው የእንቅስቃሴ ሴንሰር ነው።

በመስከረም 2015 አዲስ አበባ ላይ የተመረቀው የሳይንስ ሙዚየም ጎብኚን የሚያሳትፉ ማሳያዎችን ይዞ መጥቷል። አንድ ነጋሪት ለማናገር ግን የዚያን ያህል ሕንፃና በጀት አያስፈልግም። አንድ ሴንሰር፣ ሴንሰሩን አንብቦ ከሚሞሪ ካርድ ድምፅ የሚያጫውት ትንሽ ሰሌዳ፣ ስፒከርና ባትሪ ይበቃሉ። የሥራው ክብደት ያለው ምርጫውና አቀማመጡ ላይ ነው።

በብዛት የሚገኘው ሴንሰር ፒአይአር የሚባለው ነው። ራሱ ምንም አይልክም፤ ከሰው ገላ የሚወጣውን የማይታይ የሙቀት ጨረር ይቀበላል። ውስጡ ሁለት መቀበያዎች ጎን ለጎን አሉ፤ ሙቀቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ምልክት ይሰጣል። ስለዚህ ፊት ለፊት ከሚመጣ ሰው ይልቅ አቋርጦ የሚያልፈውን ቶሎ ያውቃል። ኤችሲ-ኤስአር501 የተባለው የተለመደ ዓይነት እስከ 7 ሜትር ይደርሳል፤ በሁለት ትንንሽ ብሎኖቹ ርቀቱና ምልክቱ የሚቆይበት ጊዜ ይስተካከላሉ። ሲበራ እስኪረጋጋ አንድ ደቂቃ ያህል መታገሥ ይገባል።

የዋግ አየር እዚህ ላይ ይገባል። ሰቆታ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በጠዋቱ ብርድ ጋቢ ተከናንቦ የሚገባ ሰው የገላው ሙቀት በጋቢው ይሸፈናል፤ ለሴንሰሩ ጎልቶ የሚታየው ፊቱና እጁ ነው። ወደ ተከዜ ሸለቆ ሲወረድ ደግሞ በቀትር የግድግዳው ሙቀት ወደ ሰው ገላ ሙቀት ይጠጋል፤ ልዩነቱ ሲጠብ ሴንሰሩ ይዳከማል። ስለዚህ ሙከራው በጠዋት ጋቢ ለብሶ፣ በቀትርም ያለ ጋቢ መደረግ አለበት።

ሁለተኛው ማይክሮዌቭ ራዳር ነው። ሞገድ ይልካል፤ ከሚንቀሳቀስ ሰው ነጥሮ ሲመለስ የሚያሳየውን ለውጥ ያነባል። በሳንቃና በፕላስቲክ ስለሚያልፍ መደበቅ ለሚፈልግ ሰው ይመቻል። ጣጣው ግን ከዚሁ ይመጣል፤ ስስ ግድግዳ አልፎ በጎረቤት ክፍል የሚሄደውንም ሰው ያያል፤ በነፋስ የሚንቀጠቀጥ ቆርቆሮም ሊያሳስተው ይችላል። ከብረት ጀርባ ደግሞ ፈጽሞ አይሠራም።

ሦስተኛው ዓይን በማያየው ሌዘር ርቀት ይለካል። ቪኤል53ኤል0ኤክስ የሚባለው እስከ 2 ሜትር ይለካል፤ የሚፈልገውም ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው። ፀሐይ በቀጥታ ካገኘው ግን ይደናበራል። ለነጋሪታችን እኔ የምመርጠው ይህን ነው፤ በጥላ ውስጥ፣ በመቆሚያው እንጨት ተደብቆ፣ ሰው ከአንድ ሜትር ሲቀርብ ብቻ እንዲነሣ አድርጎ። ለአዳራሹ መግቢያ መብራት ደግሞ ፒአይአር ይበቃል።

ፒአይአርን የሚደብቅ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል፦ የመስኮት መስታወት የሰውን የሙቀት ጨረር አያሳልፍም። ከመስታወት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ፒአይአር ውጭ የቆመውን ጎብኚ አያይም። የሴንሰሩ ነጭ ጉልላት ቀለም ሳይቀባ ወደ ውጭ ብቅ ማለት አለበት፤ ለማሳያ በተሠራ አዲስ ስፌት መሃል ጉልላቱን ብቻ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ትቶ ማስገባት ይቻላል። እይታው ከሰፋ አጭር የፕላስቲክ ቱቦ ቢያጠልቁለት ይጠባል። የሚቀመጠውም ጎብኚው አቋርጦት እንዲያልፍ በጎን በኩል ነው።

ትረካው ተጀምሮ ሳለ ሌላ ሰው በመጣ ቁጥር ከመነሻው እንዳይመለስ፣ ድምፁ እስኪያልቅ ሴንሰሩ እንዳይሰማ ማድረግ ያስፈልጋል። ተማሪዎች በቡድን ሲገቡ ይህ ካልታሰበበት የሚሰማው የነጋሪቱ መጀመሪያ ብቻ ይሆናል። መብራት ሲጠፋም በሶላር የሚሞላ 12 ቮልት ባትሪ ይይዘዋል፤ ፒአይአር በጥበቃ ላይ ሳለ የሚወስደው ከ0.1 ሚሊአምፔር በታች፣ ትንሹ ራዳር ደግሞ 3 ሚሊአምፔር ያህል ስለሆነ፣ ከእነሱ ይልቅ ባትሪውን የሚበላው ድምፁ ነው።

የማይነካም ቦታ አለ። በሰቆታ አቅራቢያ ከአለት የተፈለፈለው የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የዋግ ሹሞች አስከሬን የሚገኝበት ነው። እዚያ ሚስማር አይመታም፣ ድምፅ የሚያወጣ ነገርም አይተከልም፤ ታሪኩ በውጭ፣ በተለየ አዳራሽ ይነገር። ለዚህ ሥራ ካሜራም አያስፈልግም፤ መታወቅ ያለበት ሰው መቅረቡ እንጂ ማንነቱ አይደለም። መግቢያ ላይም «ሲቀርቡ የሚናገሩ ቅርሶች አሉ» ብሎ መጻፍ ለጎብኚው ክብር ነው።

ሴንሰሩ ቢበላሽ በሌላ ይተካል። ታሪኩን በኽምጣና አጣፍጠው የሚተርኩ አዛውንቶች ግን ካለፉ አይተኩም። ስለዚህ ይህን ሥራ የሚያስብ ሁሉ ገንዘቡን አስቀድሞ ለጥሩ ማይክሮፎንና ለቀረጻ ያውል፤ ሴንሰሩ ከዚያ በኋላ ይገዛል።