ለሐኪም የጻፉት መልእክት የት ይደርሳል?



በቅርቡ አንዲት እናት ወደ ሪቫሃ ቢሮ መጥተው፣ «የደም ግፊት መድኃኒቴ አልቋል። ለሐኪሜ በስልክ ጽፌ ነበር፤ ሳምንት ሙሉ መልስ የለም» አሉኝ። ስልካቸውን ከፍተን አብረን አየን። የጻፉት ቀጠሮ የሚያስታውሰው ኤስኤምኤስ ላይ ነበር። እሱን የሚልከው ኮምፒዩተር ነው፤ መልስ ቢጽፉበትም የሚያነበው ሰው የለም። ሐኪማቸው እኮ ምንም አላዩም!

ታዲያ የት ነው የሚጻፈው? ክላሊት፣ ማካቢ፣ መኡሄዴትና ሌኡሚት የየራሳቸው አፕሊኬሽን አላቸው። ድሮ ሐኪሙ ፋይልዎን በኮምፒዩተር ያያል፣ ሊያነጋግርዎ ሲፈልግ ግን ስልክ ያነሳል። ዛሬ መጻጻፊያውና የቪዲዮ ጥሪው ከሥራ ፕሮግራሙ ጋር ተያይዘዋል። ይህ በኩፓት ሆሊም ብቻ አይደለም። እንደ ማይክሮሶፍት ያሉ ኩባንያዎች መገናኛውን ሠርተው ይሸጣሉ፤ መሥሪያ ቤቶች ገዝተው በራሳቸው ፕሮግራም ውስጥ ያስገቡታል። በተለይ ከ2020 ወዲህ፣ በኮሮና ምክንያት፣ ብዙ ሰው ሐኪሙን በቪዲዮ ማየት ለመደ።

ጥቅሙ ምንድን ነው? ሐኪሙ ጥያቄዎን ሲያነብ የደም ምርመራዎና የሚወስዱት መድኃኒት እዚያው ፊቱ አለ። በዋትሳፕ ወይም በኤስኤምኤስ የተጻፈ ግን ከፋይልዎ ጋር አይገናኝም።

እነዚህን ያስታውሱ፦

1. ለሐኪም የሚጻፈው አፕሊኬሽኑ ውስጥ ነው። በዕብራይስጥ «ፕኒያ ላሮፌ» ወይም የሚመስለውን ቃል ይፈልጉ።

2. ለመግባት በስልክዎ የሚመጣውን ኮድ ደውሎ ለሚጠይቅዎ ሰው አይንገሩ፤ «ከኩፓት ሆሊም ነኝ» ቢልም እንኳ።

3. የጽሑፍ መልስ ቀናት ሊወስድ ይችላል። መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ቀደም ብለው ይጻፉ። ደረት ከወጋዎት ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ግን አይጻፉ፣ 101 ይደውሉ።

4. በቪዲዮም ሆነ በስልክ ሲነጋገሩ አስተርጓሚ ይጠይቁ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ፣ የጤና ተቋማት በሕመምተኛው ቋንቋ እንዲያገለግሉ አዟል። ሴት ከሆኑ «አኒ ጽሪኻ ሜቱርገማን»፣ ወንድ ከሆኑ «አኒ ጻሪኽ ሜቱርገማን» ይበሉ።

የመጨረሻውን የምለው በምክንያት ነው። እኔም ልጅ ሆኜ ለአያቴ አስተርጉሜአለሁ። እሳቸው ሕመማቸውን በእኔ ፊት ለመናገር ያፍሩ ነበር፤ እኔም የሐኪሙን ቃል ግማሹን አልገባኝም። የልጅ ልጅዎ ስልኩን ይክፈትልዎ፣ ሕመምዎን ግን ባለሙያ ያስተርጉም።

የዚያች እናት ጥያቄ በትክክለኛው ቦታ ተጽፎ መድኃኒታቸው ታዘዘ። እርስዎም ካስቸገረዎት፣ ስልክዎንና ተዑዳት ዜሁትዎን ይዘው በሰፈርዎ ወዳለው ሪቫሃ ቢሮ ይምጡ። ቁጭ ብለን አብረን እንከፍተዋለን።