«ተቃጥሏል» የሚሉት ዘይት

ወጣቱ መካኒክ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘ፣ በጨርቅ ጠረገው፣ መልሶ ከተተው፣ እንደገና መዝዞ ወደ ዓይኔ አስጠጋልኝ። ጫፉ ላይ የተንጠለጠለችው ጠብታ እንደ አቦል ቡና ጠቁራለች። «ጋሼ፣ ይሄ ዘይት ተቃጥሏል። ሞተሩም መታጠብ አለበት» አለኝ። ዘይቱን ካስቀየርኩ ገና ወር አልሞላኝም። የመጣሁትም ለፍሬን ሸራ ነበር።

ልጁ አልዋሸም፤ ያሳሳተው ቋንቋችን ነው። ከሞተር የወጣውን ዘይት ሁሉ «የተቃጠለ ዘይት» እንላለን። በየጋራዡ በርሜል የሚጠራቀመውም፣ ምስጥ እንዳይበላው የአጥር እንጨት የሚቀባውም በዚሁ ስም ይጠራል። ሞተር ውስጥ የሚቃጠለው ግን ነዳጁ ነው። ዘይቱ የጠቆረው የነዳጁን ጥላሸት ተሸክሞ ነው። እውነት ዘይት የሚያቃጥል ሞተር አለ፤ የእሱ ምልክት ዘይቱ መጉደሉና ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ መውጣቱ እንጂ ጥቁረት አይደለም።

ዘይት ብረት ከብረት እንዳይፋተግ ያደርጋል፣ ሙቀት ይወስዳል፣ ዝገት ይከላከላል። ይህን የማያውቅ አሽከርካሪ የለምና አልፈዋለሁ። የተረሳው ሥራው አጣቢነቱ ነው።

ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ዘይት አይደለም። እንደ ዓይነቱ ከ10 እስከ 25 በመቶ የሚሆነው የተጨመረበት ኬሚካል ነው። ከእነዚህ አንዱ የጋለ ብረት ላይ ቆሻሻ እንዳይጋገር ይከላከላል፣ ነዳጅ ሲቃጠል የሚፈጠረውንም አሲድ ያመክናል። ሌላው፣ እኔ በጣም የምወደው፣ እያንዳንዷን የጥላሸት ቅንጣት ዙሪያዋን ከብቦ ከሌላዋ ጋር እንዳትጣበቅ ይይዛታል።

የጠላ ጠመቃ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ጠላ ሲቆይ ከላይ ይጠራል፣ አተላው ከጋኑ ሥር ይተኛል። የጠራውን ቀድተን እንጠጣለን፣ አተላው ለከብት ይሆናል። በሞተር ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ከጋኑ ሥር የሚጠጣ አለ። የዘይት ፓምፑ የሚስበው ከኮፓው፣ ማለትም ዘይቱ ከሚጠራቀምበት ከሞተሩ ሥር ካለው ገንዳ፣ ወለል አጠገብ ነው፤ አፉ ላይም ወንፊት አለበት። አተላ ቢረጋ መጀመሪያ የሚደፈነው ይህ ወንፊት ነው። ስለዚህ የዘይት ሠሪዎቹ ጥበብ ዘይቱ እንዲጠራ ማድረግ ሳይሆን እንዳይጠራ ማድረግ ነው፤ ጥላሸቱ ደቅቆና ተበትኖ ዘይቱ ውስጥ እንዲንሳፈፍ፣ ዘይቱ በሚፈስበት ቀን አብሮ እንዲወጣ። መለኪያው ጫፍ ላይ ጥቁር ጠብታ ሲያዩ ቆሻሻው ብረቱ ላይ ሳይቀር ዘይቱ ላይ ተጭኗል ማለት ነው።

«ታዲያ ፊልትሮው ምን ይሠራል?» ይሉ ይሆናል። ፊልትሮ በደንብ የሚይዘው ከ20 እስከ 40 ማይክሮን የሚደርሰውን ብናኝ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ነው። በደንብ የተበተነ ጥላሸት ግን ከአንድ ማይክሮን ያንሳል። ጥላሸትን በፊልትሮ መያዝ ጭስን በወንፊት እንደመንፋት ነው። ደግሞም መያዝ አያስፈልገውም፤ ያን ያህል የደቀቀ ነገር በብረቶቹ መካከል ካለው የዘይት ንጣፍ ሳስቶ ያልፋል። ችግር የሚመጣው ከባቢው ኬሚካል ሲያልቅና ቅንጣቶቹ እየተጣበቁ ማደግ ሲጀምሩ ነው።

በናፍጣ ሞተር ጥቁረቱ ቀናትን እንኳ አይጠብቅም። አንድ ጊዜ ሶማሌ ተራ አንድ የሚኒባስ ሹፌር «ጠዋት የገዛሁት ዘይት ማታ ጠቆረ፣ ውሃ ነው የሸጥክልኝ!» እያለ ባለሱቁ ላይ ሲጮህ ደረስኩ። ሚኒባሱ ናፍጣ ነው። አሮጌ ዘይት ሲፈስስ ሁሉም አይወጣም፤ በየቀዳዳው የሚቀር አለ። አዲሱ ዘይት ያንን ጥላሸት ተቀብሎ፣ የዕለቱን ጨምሮበት፣ ከመሸ በኋላ ቢጠቁር ሥራውን ጀመረ ማለት ነው። ይህን ለማስረዳት ጣልቃ ገባሁ። ሹፌሩ ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «የባለሱቁ ወንድም ነህ?» አለኝ። ለዘይት ጥብቅና የቆመ ሰው ዕጣው ይኸው ነው።

ወደ ወጣቱ መካኒክ ልመለስ። ዘንጉን ሳይጠርገው ተቀበልኩትና ጠብታዋን ፈሳሽ በሚመጥ ወፈር ያለ ነጭ ወረቀት ላይ አሳረፍኳት፤ ወረቀቱንም ኪሴ ከተትኩት። በማግስቱ ሳየው ጥላሸቱ ከመሃል ወደ ዳር እየሳሳ እንደ ጥላ ተዘርግቷል፤ ቅንጣቶቹ አሁንም ተበትነው ከዘይቱ ጋር ይጓዛሉ ማለት ነው። ጥቁሩ መሃል ላይ ተጠቅልሎ፣ ጠርዙ በቢላ የተቆረጠ መስሎ፣ ዙሪያው ንጹሕ ቢጫ ዘይት ብቻ ቢሆን ኖሮ «ልጁ ልክ ነው» እል ነበር። ይህ የላቦራቶሪ ምርመራ አይደለም፤ ዘይቱን በቀለሙ ብቻ ከመፍረድ ግን በብዙ ይሻላል።

ቀለም የማይናገራቸው በሽታዎችም አሉ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይፈጠራል። አብዛኛው እንፋሎት ሆኖ በማርሚታው ይወጣል፣ ጥቂቱ ግን በፒስተኑ ጎን ሾልኮ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ሞተሩ በደንብ ከጋለ ይተናል። ልጅ ትምህርት ቤት አድርሰው ሦስት ኪሎ ሜትር ነድተው የሚያጠፉት ከሆነ ግን አይተንም፤ ከአሲዱ ጋር ተባብሮ አተላ ይሆናል። «መኪናዬን ብዙ አልነዳትም» እያሉ ዘይት የሚያዘገዩ ሰዎች ይህን ልብ ቢሉ ደስ ይለኛል።

ኪሎ ሜትርም ብቻውን ያታልላል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ 5,000 ኪሎ ሜትር የሄደ ሞተር የሠራው 83 ሰዓት ገደማ ነው። የከተማ መጨናነቅ ውስጥ በአማካይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሄደው ግን ለዚያው ርቀት 333 ሰዓት ሠርቷል። ቆጣሪው እኩል ያሳያቸዋል፤ አንደኛው ዘይት ግን ከሌላው አራት እጥፍ ደክሟል።

አሁን ወደ እጥበቱ። ከዓመታት በፊት ያገለገለች መኪና ገዛሁ። የቀድሞው ባለቤት ዘይት የሚቀይረው ሲያስታውስ ብቻ እንደነበር የገባኝ የዘይት መሙያውን ክዳን ስከፍት ነው፤ ከውስጥ ጥቁር ነገር እንደ ግራሶ ተጋግሮበታል። የወሰድኩበት ጋራዥ ከአሮጌው ዘይት ላይ ላምባ ጨመረ፣ አሥር ደቂቃ አስነሳ፣ አፈሰሰ። የወጣው ዝቃጭ ጉድ ነበር፤ ሁላችንም ደስ አለን። በአራተኛው ቀን ዳገት ላይ የዘይት መብራቷ ብልጭ አለች። ያቺ መብራት የምትናገረው ስለ ዘይቱ መጠን ሳይሆን ስለ ግፊቱ ነው፤ ስትበራ ወዲያውኑ ዳር ይዞ ማጥፋት ነው። እኔ ግን «ሴንሰሩ ነው» ብዬ ቤቴ ድረስ ነዳሁ። ኮፓው ሲወርድ የፓምፑ ወንፊት በጥቁር ቅርፊት ተደፍኗል፣ ብሮንዚናዎቹ ተቧጭረዋል። ያወረዱት ሽማግሌ መካኒክ ወንፊቱን በጣታቸው ጭረው አሳዩኝና «ልጄ፣ ለዓመታት የተኛ አተላ በአሥር ደቂቃ ስትቀሰቅሰው የት ይሂድ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ግን ለሌላው የምነግረው አለኝ። ዘይቱ በጊዜው የሚቀየር ሞተር እጥበት አያስፈልገውም፤ ዘይቱ ራሱ በየቀኑ ሲያጥበው ኖሯል። ክፉኛ የቆሸሸ ሞተር ደግሞ ፈጣን እጥበት ሊገድለው ይችላል። ላምባና ናፍጣ የዘይቱን ንጣፍ ያሳሳሉ፤ ሲፈስሱም ሙሉ በሙሉ ስለማይወጡ አዲሱን ዘይት ያቀጥናሉ። የሚሻለው መንገድ ትዕግሥት ነው፤ ትክክለኛውን ዘይት ሞልቶ በ1,000 ኪሎ ሜትር ከነፊልትሮው መቀየር፣ ይህንኑ ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም። አጣቢው ኬሚካል አተላውን በጥቂት በጥቂቱ ያሟሟዋል። ከዚያ የባሰ ከሆነ ኮፓውን አውርዶ ወንፊቱን በእጅ ማጽዳት ነው። እጥበት በእርግጥ የሚያስፈልገው የራዲያተር ውሃ ከዘይቱ ጋር ሲቀላቀል ነው፤ ዘይቱ እንደ ማኪያቶ ነጣ ካለ መጀመሪያ የተበላሸው ጓርኒሲዮን ይጠገናል፣ ከዚያ ውስጡ ይታጠባል።

ምርጫውን ባጭሩ። 20 ደብሊው 50፣ 5 ደብሊው 30 ሲባል «ደብሊው» የእንግሊዝኛው «ክረምት» የመጀመሪያ ፊደል ነው፤ የፈረንጆቹ የበረዶ ክረምት እንጂ የእኛ ሐምሌና ነሐሴ አይደለም። የፊተኛው ቁጥር በብርድ፣ የኋለኛው በ100 ዲግሪ ሙቀት ስላለው ውፍረት ይናገራል። 20 ደብሊው ተብሎ ለመጻፍ ዘይቱ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ይፈተናል፤ እንዲህ ያለ ብርድ በከተሞቻችን የለምና የፊተኛው ቁጥር ብዙ አያስጨንቀን። የኋለኛው ነው ቁም ነገሩ። «አገራችን ሞቃት ነው፣ መኪናውም አሮጌ ነው፣ ወፍራም ይሁን» የሚለውን ምክር አልወደውም፤ በአዲስ አበባም ሆነ በሰመራ ቴርሞስታቱ የሞተሩን ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ይይዘዋል። ሞተሩ ለ30 ከተሠራ፣ ውፍረቱ እጥፍ ሊደርስ የሚችለውን 50 መሙላት ዘይቱ ወደ ጠባብ ቀዳዳዎች ቶሎ እንዳይደርስ ማድረግ ነው። የመኪናው መጽሐፍ ከጠፋ ወይም በጃፓንኛ ከሆነ የዘይት መሙያውን ክዳን ያንብቡ። በብዙ መኪኖች ቁጥሩ እዚያ ተቀርጿል፤ እኔ ክዳኑን ለዓመታት ስከፍትና ስዘጋ አላነበብኩትም ነበር።

ከቁጥሩ ሌላ ሁለት ፊደላት ይፈልጉ። በአሜሪካው የነዳጅ ኢንስቲትዩት (ኤ.ፒ.አይ) ምደባ በኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በሲ የሚጀምረው ለናፍጣ ነው። ለቤንዚኑ ሁለተኛው ፊደል በእንግሊዝኛው ፊደላት ተራ ወደ መጨረሻው በቀረበ ቁጥር የዘይቱ ደረጃ አዲስ ነው፤ ኤስ ኤን የወጣው በ2010፣ ኤስ ፒ በ2020 እ.ኤ.አ. ነው። ኤስ ኤፍ የተጻፈበት ርካሽ ጀሪካን ካዩ ከ1988 እ.ኤ.አ. በኋላ ለተሠራ ሞተር እንደማይሆን ይወቁ።

ሁለት ተግሣጽ አለኝ። አንደኛ፣ ሞተሩ የሚይዘው ሦስት ሊትር ተኩል ሆኖ ጀሪካኑ አራት ሊትር ስለሆነ ብቻ ገልብጠው አይጨርሱት። ከልኩ ሲያልፍ የሚሽከረከረው ብረት ዘይቱን ይመታውና አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋ ደግሞ ብረት አይሸከምም። ሁለተኛ፣ ባዶውን ጀሪካን ለቆራሌው ከመስጠትዎ በፊት በቢላ ይሰንጥቁት፤ ማን ምን ሞልቶ መልሶ እንደሚሸጥልዎ አይታወቅም።

ዘይት ያስቀየሩበትን ቀን፣ የቆጣሪውን ቁጥርና የዘይቱን ዓይነት በወረቀት ጽፈው በሩ ጠርዝ ላይ ይለጥፉ። በሚቀጥለው ጊዜ መካኒኩ ዘንጉን መዝዞ «ተቃጥሏል» ሲልዎ፣ ጥቁሯን ጠብታ ትተው መጀመሪያ ያንን ወረቀት ይዩ።