ቃሉ በየትኛው ቋንቋ ይሰማ?



ዘመን ሲለወጥ ክርስቲያኖች እምነታቸውን የሚያካፍሉበት መንገድም ይለወጣል። ይህ ለሀገራችን አዲስ አይደለም። የአንድምታ ሊቃውንት የግእዙን ንባብ ሳይነኩ ትርጓሜውን በአማርኛ ለሰሚው አቅርበዋል።

በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች ሥራ የወጣው ድንጋጌ ቁጥር 3 ግን ሰሚውን ወደ ቋንቋው ጠራ። ማስተማሪያው አማርኛ ሆነ፤ የአካባቢ ቋንቋ የተፈቀደው ተማሪውና ሚሲዮናዊው አማርኛ እስኪለምዱ ብቻ ነበር። የእናት ቋንቋ መሸጋገሪያ ድልድይ እንጂ ማደሪያ ቤት አልሆነም።

ዛሬ በወልቂጤና በቡታጅራ ጥያቄው ይበልጥ ይረቅቃል። በወልቂጤ ዙሪያ ቸሃ፣ እዣና እነሞር፣ በቡታጅራ ዙሪያ መስቃንና ክስታኔ የየራሳቸው አነጋገር አላቸው፤ ስለዚህ «በጉራጊኛ እናስተምር» ማለት ብቻውን አይበቃም። የከተማው ወጣት በበኩሉ ስብከቱን በስልኩ፣ በአማርኛ ይሰማል። አያቱ ግን የሚያዝኑትም የሚጸልዩትም በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነው። በእኔ እይታ፣ ለሁለቱ አንድ ዘዴ ብቻ ማዋል አንዳቸውን ከደጅ ማስቀረት ነው።

ሌላም ጉዳይ አለ። በሁለቱም ከተሞች ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሐዘንንም ደስታንም ይካፈላሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ማንንም ሰው በእምነቱ ማስገደድን ይከለክላል። ሕጉ የሚከለክለው ማስገደድን ነው፤ ጉርብትና ግን ከዚያ በላይ ይጠይቃል፤ ከመናገር በፊት ማዳመጥን፣ «አይሆንም» ያለውን ሰው እንደ ቀድሞው ማክበርን። መሣሪያው ቢራቀቅም፣ ጎረቤቱን ያላከበረ ምስክርነት ሰሚ አያገኝም እላለሁ።