ፉድ ስታምፕ ሲቋረጥ ወዴት ይኬዳል?

ሜሪላንድ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ በማኅበራዊ አገልግሎት ሥራዬ ደጋግሞ የሚገጥመኝ ጥያቄ ነው፦ «ፉድ ስታምፔ ተቋረጠ፤ ለማን አቤት ልበል?» የዚህን የምግብ መግዣ ድጋፍ ገንዘብ የሚመድበው የፌዴራሉ ግብርና ሚኒስቴር ነው። ማመልከቻችሁን አይቶ የሚወስነው ግን የስቴቱ የሰብዓዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ስለሆነ አቤቱታውም ለእሱ ነው።

መሥሪያ ቤቱ ማመልከቻ ከገባ በ30 ቀን፣ በጣም ለተቸገረ ደግሞ በ7 ቀን ውስጥ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። በውሳኔው ካልተስማማችሁ በ90 ቀን ውስጥ ይግባኝ በሉ። ከሁሉ በላይ ይህን ያዙ፦ ድጋፉ የተፈቀደላችሁ ጊዜ ካላለቀና በማቋረጫ ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ቀን ሳይደርስ ይግባኝ ካላችሁ፣ ውሳኔ እስኪሰጥ ድጋፉ እንዲቀጥል መጠየቅ ትችላላችሁ። ከተረታችሁ ግን በዚያ ጊዜ የወሰዳችሁትን እንድትመልሱ ትጠየቃላችሁ። አስተርጓሚ በነጻ ነው። እባካችሁ ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ፤ አንዲት ቃል ስትዛነፍ ምን እንደምታስከፍል አይቻለሁ።

ሌሎች ቅሬታዎችም የየራሳቸው መሥሪያ ቤት አላቸው። የመብራትና የጋዝ ቅሬታ መጀመሪያ ለኩባንያው፣ ካልተፈታ ለሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ይቀርባል። የቤንዚን ማደያን ልኬት የሚቆጣጠረው ደግሞ (ብዙ ሰው ሲሰማ ይገረማል) የስቴቱ ግብርና መሥሪያ ቤት ነው።

ደብዳቤ ሲመጣላችሁ በዕለቱ ክፈቱት።